የዓርብ ማዕድ በዲራ ገበያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶቼ፣ በየሰው አገር በየሰው ማዕድ ቤት ያላችሁ፣

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ አንሥቼ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ጥያቄው የዓሣ ጥያቄ ነው። ስትሰሙት ቀላል ይመስላችኋል፤ ለእኔም መጀመሪያ እንዲያው መስሎኝ ነበር። በሁለት መስመር መልሼ ወደ ሌላው አልፋለሁ ብዬ ስነሣ፣ ነገሩ ከዓሣው ይልቅ የሰው ነገር ሆኖ አገኘሁት።

ጠያቂዋ ሪያድ የምትሠራ እኅታችሁ ናት። ስሟንም የመጣችበትንም አገር አልጠራም። ጥያቄዋን ድምፅዋን በስልክ ቀድታ ነው የላከችልኝ፤ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ በሌሊት፣ እያንሾካሾከች። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዓርብ ዓርብ የቤቱን ምሳ አብስላ፣ የመጣውን ዘመድ ሁሉ አስተናግዳ፣ ዕቃውን አጥባ ከጨረሰች በኋላ እስከ ማታ ፈቃድ አላት። አንዲት ጓደኛ አለቻት፤ በአንድ ቀን በአንድ አውሮፕላን የመጡ ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈቃድ ባገኙበት ዓርብ ሁሉ የሚገናኙት ዲራ ነው። ዲራን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጅዳ ወይም ቤይሩት ላላችሁት ግን ልንገራችሁ። ዲራ የሪያድ የጥንቱ ከተማ ነው። መስመክ የሚባለው የጭቃ ምሽግ የቆመው እዚያ ነው፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሳዑድ ከጥቂት ሰዎች ጋር ገብቶ ከተማይቱን የያዘበት፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነው ማለት ነው። ከአጠገቡ ሱቅ አልዘል የሚሉት ገበያ አለ፤ ምንጣፉ፣ ዑዱ፣ ሽቶው፣ አሮጌው የናስ ጀበና ሳይቀር የሚሸጥበት። ቀድሞ ወደዚያ የሚሄዱት ታክሲ እየከፈሉ ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሪያድ ሜትሮ ከተከፈተ በኋላ ግን፣ በቀጣዩ ዓመት ቀስር አልሑክም የሚባለው ጣቢያ ሥራ ሲጀምር፣ ከምድር በታች መጥቶ እዚያው ገበያው አጠገብ መውጣት ተችሏል። እነርሱም እንደዚሁ ያደርጋሉ።

የሚበሉት በገበያው ውስጥ ካለ አንድ የዓሣ ቤት ነው። ሪያድ ባሕር የላትም። ዓሣው ከደማም በኩል 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከቀይ ባሕር ከሆነም ከዚያ እጥፍ የሚበልጥ መንገድ በበረዶ ተጭኖ ነው የሚመጣው። እንደ ነገረችኝ በር ላይ በበረዶው ተደርድሮ ይጠብቃችኋል፤ ሃሙሩ፣ ሻዕሪው፣ ከጎኑም ሩብያን የሚሉት ሽሪምፕና ሸርጣኑ። በጣትሽ ታሳያለሽ፤ ሻጩ ይመዝናል፤ ልጁ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ሆዱን ያጸዳል፤ «መሽዊ ወይስ መቅሊ?» ይልሻል፤ በፍም ወይስ በዘይት ማለቱ ነው። ከዚያ ገብተሽ ትቀመጫለሽ። ጠረጴዛው ላይ ስስ ላስቲክ ያነጥፉና ሩዙን፣ ሎሚውን፣ በቲማቲም የተሠራውን የሚያቃጥል ማባያ ያቀርባሉ፤ በእጅ ነው የሚበላው። ወንዱ ይጮኻል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ከውጭ የሻጮች ድምፅ ይገባል። ድሮ ሴት የምትገባበት በር ለብቻው ነበር፤ ከዲሴምበር 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያ ግዴታ ስለ ቀረ ዛሬ ብዙ ቦታ በአንድ በር ይገባል። (ዓሣ ስትመርጡ ዓይኑን እዩ፤ ዓይኑ ጠርቶ ያበጠ፣ ጆሮው ሥር ያለውን ክዳን ሲገልጡት ውስጡ ቀይ የሆነ፣ ሥጋው ተጭነውት የሚመለስ ነው ትኩሱ። ዋጋውንም ሳይመዘን በፊት ጠይቁ። ይህን የምነግራችሁ የጣና ዳር ተማሪ ስለ ነበርሁ ነው።)

እኅታችን ይህን ሁሉ ስታወራ ድምፅዋ ደስ ይለዋል። መሐል ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «አባቴ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቁጭ ብሎ እኔ ቆሜ ነው። እዚያ ስሄድ ግን እኔ ቁጭ ብዬ ሰው ያመጣልኛል። ይህ ኃጢአት ነው እንዴ?»

ዋናው ጥያቄዋ ይህ አልነበረም፤ ነገር ግን ሳልመልስ ባልፈው አይሆንልኝም። ልጄ፣ ኃጢአት አይደለም። ሰንበት ሲታዘዝ ለባለቤቱ ብቻ አልታዘዘም፤ ለወንድ አገልጋዩና ለሴት አገልጋዩም ነው የታዘዘው፤ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5ን አንብቢ። ምክንያቱንም ሙሴ ጽፎታል፤ እናንተም በባዕድ አገር አገልጋዮች ነበራችሁና አስቡ ይላል ትእዛዙ በሐሳቡ። የምትኖሪበት አገር ሕግም ዛሬ ይህን ያውቃል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የሚሠራበት የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ከነክፍያው ይሰጣል፤ የቀኑንም ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ብዙዎቻችሁ ይህ ደንብ በቤታችሁ በር እንዳልገባ አውቃለሁ። ዓርብን በመስኮት ብቻ የምታዩት አላችሁ። ለእናንተም ነው የምጽፈው።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልመለስ።

ሁለቱ ጓደኛሞች አንድ ችግር ነበረባቸው፤ የሁላችሁም ችግር ነው። በዚያ አገር የዕረፍቱ ቀን ዓርብ ነው። ቀድሞ ሐሙስና ዓርብ ነበር፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ዓርብና ቅዳሜ ተደረገ፤ ለሠራተኛ የምትደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ያችው ዓርብ ናት። ዓርብ ደግሞ ለእኛ የጾም ቀን ነው፤ ጌታችን የተሰቀለበት። እንግዲህ የምትወጪበት፣ ጓደኛሽን የምታገኚበት፣ ማዕድ የምትቆርሺበት ብቸኛው ቀን ዓመቱን ሙሉ ጾም ላይ ይውላል። ለዚህ እነርሱ የራሳቸውን ሥርዓት ሠርተው ነበር። ዓርብ ዓሣ ቤቱ ሲገቡ ነጭ ሩዝ፣ ማባያውን፣ ፉልና ዳቦ ያዛሉ። ባለቤቱ ለምዷቸው «ሳይማት» ይላቸዋል፤ ጿሚዎቹ ማለቱ ነው። በዓለ ኀምሳ ሲገባ ግን፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ጊዜ፣ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ትልቅ ዓሣ አስመዝነው በፍም አስጠብሰው እስኪጠግቡ ይበላሉ። ይህን ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ ተደነቅሁ። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት፣ ደወል በማይሰማበት አገር፣ የበዓለ ኀምሳን ትርጉም ከእኛ ይልቅ አውቀውታል።

ባለፈው ፍልሰታ አንድ ዓርብ ግን ጓደኛዋ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ምን እንደ ደረሰባት አልተናገረችም። ዓሣ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ «ዛሬ ዓሣ እበላለሁ፤ ሩብያንም እበላለሁ» አለች። አስመዘነች። ሲቀርብ ይህች እኅታችን ተቆጣች፤ «አንቺማ ማተብሽን በጥሰሻል፤ ከእንግዲህ ከአንቺ ጋር አልቆርስም» ብላ የድርሻዋን ሪያል ጠረጴዛው ላይ ጥላ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስልክ አልተደዋወሉም። በኅዳር የጓደኛዋ እናት አገር ቤት አረፈች። መርዶው በስልክ ደረሳት፤ ማዕድ ቤት ቆማ ሰምታ፣ እንግዳ ስለ ነበረ ምግቡን አብስላ አቀረበች። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያለቀሰላት ሰው አልነበረም። እኅታችን ይህን ከሌላ ሰው ሰማች።

ጥያቄዋም ይህ ነው፦ «አባቴ፣ እኔ ጾሜን ጠበቅሁ። ታዲያ ልቤ ለምን ይወቅሰኛል?»

በመጀመሪያ ስለ ዓሣው ልመልስ፤ ሁላችሁም ትጠይቁኛላችሁና።

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው በሊቃውንት ዘንድ ሲያነጋግር የኖረ ነው። ይበላል የሚሉት አይታረድም፣ ከምድር እንስሳ ይለያል ይላሉ። በአገራችን የዓሣ ገበያ ከሁሉ ይልቅ የሚደራውም በሁዳዴ እንደ ሆነ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ያለ ሰው ያውቃል። እኔ ከመምህሬ የተማርሁት ግን አይበላም የሚለውን ነው፤ የማስተምረውም ይህንኑ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ሥጋን ሲቈጥር የሰውን፣ የእንስሳን፣ የወፍን፣ የዓሣንም ብሎ ቈጥሮታል። ከሥጋ የተቈጠረ ነገር ደግሞ ከሥጋ ጋር ይጾማል። ስለዚህ በፍልሰታም፣ በዐቢይ ጾምም፣ በተርታው ዓርብም ዓሣውን ተዉት። የታመመች፣ ሐኪም ያዘዘላት፣ ሌላ የሚበላ ያጣች፣ ለነፍስ አባቷ ትንገር እንጂ ከዚህ ዓምድ ፈቃድም ክልከላም አትውሰድ።

ከጾም ውጭ ባለው ቀን ግን ዓሣ ለእናንተ ትልቅ በረከት ነው፤ ለምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ በአሠሪያችሁ ቤት የታረደውን ሥጋ አትበሉም። ይህ ጥላቻ አይደለም። በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ድንኳን ሠርግ ሲበሉ፣ ለየአንዱ ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ ተሠርቶ፣ ተከባብረው ነው የኖሩት። ወሎን የሚያውቅ ያውቀዋል። ማዳም ሥጋ ስታቀርብላችሁ «ሳይማ ነኝ» ወይም «በሃይማኖቴ አልበላም» ብላችሁ በለሰለሰ ቃል ተናገሩ፤ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ዓሣ ግን ቢላዋ የማይባረክበት፣ የዚህ ነው የዚያ ነው የማይባል ነው። ከባሕር ሲወጣ የማንም አይደለም። እነርሱም ይበሉታል፣ እናንተም ትበሉታላችሁ፤ በአንድ ሳህን ሊቀርብ ይችላል። ይህን አስባችሁት ታውቃላችሁ?

ሩብያኑን በተመለከተ፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከባሕር ከሚወጣው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ፣ የሌለውን ተዉ ይላል። ሃሙርም ሻዕሪም ቅርፊት አላቸው። ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ስኩዊድ የላቸውም። የጣና ሰው እንኳ ቆሮሶውን በልቶ አምባዛውን የሚተወው ስለዚህ ነው። አባቶቻችን ይህን ጠብቀው ቆዩልን፤ እኔም እጠብቃለሁ፣ እናንተም ጠብቁት። ሆኖም በምን መንፈስ እንደ ጠበቁት ማወቅ ይገባል። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. የጻፈው የሃይማኖት መግለጫ አለ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሰዎች እናንተ እንደ አይሁድ ናችሁ ብለው ይከሱን ነበርና ንጉሡ ስለ ሰንበቱም፣ ስለ ግዝረቱም፣ ስለ እሪያ ሥጋም መለሰላቸው። ስለ ሥጋው የመለሰው ሲጠቃለል፣ የማንበላው በሕገ ኦሪት ታስረን አይደለም፤ የሚበላውን አንጸየፈውም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድደውም የሚል ነው። መሠረቱንም ከጳውሎስ አድርጎታል፤ የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 14ን ነው የጠቀሰው። ንጉሡ ይህን ሲጽፍ አገሩ ከረጅም ጦርነት ገና የወጣች ነበረች፤ ራሱም ከ4 ዓመት በኋላ በጦር ሜዳ ወደቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ እንኳ የሚበላውን አንጸየፍም ብሎ ጻፈ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሩብያኑ በተጠበሰበት ዘይት ዓሣችን ተጠብሶ እንደ ሆነ እያላችሁ ትጨነቃላችሁ። ጳውሎስ ከገበያ የሚሸጠውን ሳትመራመሩ ብሉ ያለበት ቦታ አለ፤ ይህን ለመሰለ ጭንቀት ነው ያለው። ካስቸገራችሁ በፍም አስጠብሱ፤ ነገሩ አለቀ።

ስለ ዓሣው ይህን ያህል ይበቃል። እኅታችን በዓሣው ጉዳይ እውነት አላት። በፍልሰታ አይበላም ነበር። ልቧ የሚወቅሳት ስለ ሌላው ነው፤ ስለ መነሣቷ።

ስለዚህ ነገር ስጽፍ የራሴን ላልደብቅ። ልጅ ሆኜ ጣና ዳር ቅኔ ስማር፣ ሌሎቹ የቆሎ ተማሪዎች እንደሚያደርጉት ቁራሽ ለምኜ ነው የምበላው። በሐይቁ ዳር ወይጦዎች ይኖራሉ፤ ታንኳውን ከደንገል የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ጥንት ጉማሬ አድነው ይበሉ ነበርና የአገሩ ሰው ከእነርሱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀመጥም፣ በዕቃቸው አይጠጣም ነበር። አንድ ቀን ውሻ አባርሮኝ እየሮጥሁ በአንዲት የወይጦ እናት ደጅ ደረስሁ። ውሻውን መልሳልኝ፣ የተጠበሰ ቆሮሶ በእንጀራ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቀኑ ጾም አልነበረም፤ ርቦኝም ነበር። ዓሣውም ቅርፊት ያለው ንጹሕ ዓሣ ነው። እኔ ግን ጓደኞቼ ያዩኛል ብዬ እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ። ሴትዮዋ ምንም አላለችም፤ እንጀራውን መልሳ አጠፈችው። አርባ ዓመት አልፏል፤ እጥፋቷ ከዓይኔ አልጠፋም። ያን ቀን ሕግ ጠበቅሁ ብዬ ነበር የሄድሁት፤ የጠበቅሁት ሕግ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ኋላም ፈልጌዋለሁ።

ጾም ከምግብ መከልከል ነው፤ ከሰው መከልከል ግን አይደለም። ሁለቱን ማምታታት ከእኛ ከተማርነው ጀምሮ የሚታይ ድካም ነው። ፍልሰታ ዓሣ አትብዪ ይልሻል፤ ተነሥተሽ ውጪ አይልሽም። ሩዝሽን ይዘሽ እዚያው መቀመጥ ትችዪ ነበር። «ዛሬ ምን ሆነሻል?» ብለሽ መጠየቅ ትችዪ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓርብን ሁሉ የጾመች ልጅ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ዓሣ እበላለሁ ስትል፣ የሚናገረው ሆዷ ብቻ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ? እኔ አይመስለኝም። ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈችው እግዚአብሔር ያውቃል። ምናልባት አንቺ እንድትከለክያትና እንድትጠይቂያት ነበር የፈለገችው። ይህን ደግሞ በርግጥ አላውቅም፤ የምታውቀው እርሷ ናት።

ማተብሽን በጥሰሻል ማለትሽ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። በዚያ አገር ማተብ ከልብስ በታች ተደብቆ ነው የሚታሰረው፤ አንዳንዷም አውልቃ በጨርቅ ጠቅልላ ሻንጣ ሥር ታስቀምጠዋለች። ሰው የማያየውን ማተብሽን የሚያውቅልሽ ጓደኛሽ ብቻ ስትሆን፣ ያችው ጓደኛሽ በጥሰሽዋል ካለችሽ ማን ይመሰክርልሻል?

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን ዛሬ ማታ አንብቢው። ከትንሣኤ በኋላ ነው፤ እናንተ ዲራ ላይ ዓሣ አስመዝናችሁ የምትበሉበት ያው ወራት። ሰባቱ ደቀ መዛሙርት ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም አልያዙም። ሲነጋ ጌታ በባሕሩ ዳር ቆሞ መረቡን በስተ ቀኝ ጣሉ አላቸው፤ 153 ዓሣ ያዙ። ወደ ምድር ሲወጡ ግን እርሱ አስቀድሞ ፍም አንድዶ፣ ዓሣ አኑሮ፣ እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። በእጁም አንሥቶ ሰጣቸው። ከሰባቱ አንዱ ጴጥሮስ ነው፤ ሦስት ጊዜ አላውቀውም ያለው። ወንጌላዊው ፍሙን ሁለት ጊዜ ነው የሚያነሣው፤ አንዱ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ጴጥሮስ ቆሞ ይሞቅበት የነበረው፣ የካደበት፤ ሁለተኛው ይህ ዓሣው የተጠበሰበት። የመምህሬ መምህር እዚህ ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን አጥፈው ያለቅሱ ነበር ይባላል። ጌታ ጴጥሮስን በምግቡ ፊት አልወቀሰውም። መጀመሪያ አበላው። ከበሉ በኋላ ነው ትወደኛለህን ብሎ የጠየቀው። የመጀመሪያ ነገሩ ተነሥቶ መሄድ ቢሆን ኖሮ ጴጥሮስ ምን ይሆን ነበር?

እንግዲህ ልጄ፣ የማደርገው ምንድን ነው ብለሻል። ዛሬ ደውዪላት። «ጥፋትሽ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ስለ ዓሣውም አታንሺ፤ ፍልሰታ አልፏል፣ እርሷም ከነፍስ አባቷ ጋር ትጨርሰዋለች። ስለ እናቷ ጠይቂያት። «እግዚአብሔር ያጥናሽ፤ ቀረሁብሽ» በያት። ዝም ብትልሽ አንቺም ስልኩን ይዘሽ ዝም በዪ፤ አትዝጊባት። ብትሰድብሽ ስሚ። አገር ቤት ቢሆን ድንኳን ተተክሎ፣ ሦስት ቀን ጎረቤት ተቀምጦ፣ ዕድርተኛው ንፍሮ ቀቅሎ ነበር የሚቀበሩት እናት ናቸው። እንግዲህ ያን ሁሉ የምትተኪው አንቺ ብቻ ነሽ። ዓርብ ስትገናኙ ለእናቷ ስም ትንሽ ሪያል አዋጥታችሁ አገር ቤት ላለው ቤተ ክርስቲያን ላኩ፤ ፍትሐት አድርጉላት ብላችሁ፣ ክርስትና ስሟንም ጻፉ። ሙታንን በስም ነው የምናስበው።

ዲራም ሂዱ። ገበያው ከጁምዓው ስግደት በኋላ ነው የሚሞቀው፤ ሰዓታችሁም ከእኛ ሰዓት ጋር አንድ ነው። የዓርብ ጾም የሚፈታው በዘጠኝ ሰዓት ነውና እናንተ ያን ሩዛችሁን ስትቆርሱ እኛም አገር ቤት ሽሮአችንን እየቆረስን ነው። ማዕዱን ስትጀምሩ በልባችሁ አቡነ ዘበሰማያት በሉ። የአገሩን ሕግ ታውቃላችሁ፤ በገበያ መካከል ድምፅ አውጥታችሁ አትዘምሩ፣ ስልካችሁንም ከፍ አድርጋችሁ መዝሙር አታሰሙ፤ ኢቃማችሁንም ሳትይዙ አትውጡ። ከማታውቁት ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ አትቀመጡ፣ ሒሳባችሁንም ራሳችሁ ክፈሉ። ይህን የምለው ስለማላምናችሁ አይደለም፤ በአንድ ሳህን ዓሣ ተጀምሮ የደረሰብኝን ብዙ ለቅሶ ስለ ሰማሁ ነው።

ዓርብ ፈቃድ የሌላችሁ፣ ከቤት የማትወጡ እኅቶቼ፣ እናንተ ደግሞ ዲራ የምትሄደውን ጓደኛችሁን በስልክ አንድ ነገር ጠይቋት፤ ዛሬ ምን በላችሁ በሏት። እርሷም ትንገራችሁ፤ ዓሣው እንዴት እንደ ተመዘነ፣ ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቀረ። የምትሄዱትም እየነገራችኋቸው ብሉ። ከኀምሳው ቀን በአንዱ ዓርብ ከዓሣው ከፍላችሁ በፎይል ጠቅልላችሁ የምታደርሱበት መንገድ ካለም አድርሱ። ሎሚውን አትርሱ።

አንቺ ጠያቂዬ ደግሞ፣ ከደወልሽላት በኋላ ያልሽኝን የድምፅ መልእክት ደግመሽ ላኪልኝ። ሌሊትም ቢሆን ግድ የለም፤ እኔም ለሰዓታት እነሣለሁ። የእናቷን ክርስትና ስም ጨምሪበት፤ እዚህም በቅዳሴ አስባታለሁ።

በሚቀጥለው እትም ከቤይሩት ስለ ስእለት የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ።

ይቆየን።